ሸራ ያዡ ሜርቪን

አማቼ ሜርቪን ፎርታይን ሳልዳንያ በምትባል የደቡብ አፍሪካ የባሕር ዳር ከተማ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። በሥራው ማንም አያማውም፤ ሜርቪን የሠራው ፍሪጅ ይቀዘቅዛል፣ ከፍሪጅ ደግሞ ከዚህ በላይ የሚጠበቅ ነገር የለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ የረጋ፣ ዝምተኛ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የሚገባ ሰው ነው። ቅዳሜ ሲነጋ ግን ነቢይ ይሆናል። በረንዳው ላይ ይወጣና ሌባ ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ሰማይ ይቀስራል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይቆያል፤ ከዚያ ነፋሱ ዛሬ የት እንደሚውል ለመንደሩ ያውጃል። ነፋሱ የሜርቪንን አዋጅ ሰምቶ አያውቅም።

ካይት የሚሉትን ነገር አንድ ጊዜ ልናገርና ልገላገል። ወገብህን መንጠቆ ባለው ቀበቶ ትታጠቃለህ። ከመንጠቆው በረጃጅም ገመዶች፣ ተዘርግቶ መኝታ ቤት የማይበቃው ሸራ ወደ ሰማይ ትሰቅላለህ። እግርህን ሳንቃ ላይ ትሰካለህ። ከዚያ ነፋሱ ውኃ ለውኃ ይጎትትሃል። ይኸው ነው። ለዚህ ብሎ ሰው ከሰርግ ይቀራል፣ ለዚህ ብሎ ሰው ከአለቃው ጋር ይቆራረጣል። እኔን ወገቤን ያመኛል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሜርቪን ሸራውንና ሳንቃውን የገዛው ልጁ ገና ጥርስ ሳታበቅል ነው። ዛሬ ልጅቷ መንጃ ፈቃድ አውጥታ፣ ኬፕታውን ሥራ ይዛ፣ የራሷን ኑሮ ትኖራለች። ሸራው ግን ዛሬም አዲስ ነው፣ የፋብሪካ ሽታው አለቀቀውም። የመጀመሪያውን በጋ ተምሯል፣ አልዋሽም። እንዲያውም አንድ ቀን ማለዳ፣ ላንገባን በሚባለው ባሕር ዳር፣ ማንም ከመኝታው ሳይነሣ ብቻውን ወጥቶ በረርኩ ይላል። ነፋሱ ልክ ነበር ይላል፤ አልበዛም፣ አላነሰም፣ አልተጣመመም። ያየው ሰው የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንኑ ነፋስ ይፈልጋል፤ ሌላው አይሞላለትም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንዲሉ፣ ዛፉ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተጎንብሶ በሚያድግበት አገር ተቀምጦ ሜርቪንን ነፋስ ጠማው።

ሥራ ግን አላጣም። ሸራ ያዥ ሆነ። ይህ ነገር አንድ ሕግ አለው፦ ሸራውን ብቻህን አታወጣውም፣ ብቻህንም አታወርደውም። ስትነሣ ሌላ ሰው ዳር ላይ ሸራውን ይዞልህ ይቆማል፤ አውራ ጣትህን ስታሳየው ይለቀዋል። ስትመለስ ደግሞ ሸራው ከላይ እያጓራ ውኃው ዳር ትቆምና አናትህን በመዳፍህ መታ መታ ታደርጋለህ፤ ያዙልኝ ማለትህ ነው። አናቱን የመታ ሰው እምቢ አይባልም። የከሰሰህ ጎረቤትህ ቢሆን፣ የቀድሞ ሚስትህ አዲሱ ባል ቢሆን፣ ሮጠህ ሸራውን ትቀበለዋለህ፤ ከዚያ ወደ ጠባችሁ ትመለሳላችሁ።

በዚህ ሕግ ሜርቪንን የሚያህል የለም። ሻይ እየጠጣ ከሆነ ኩባያውን ጥሎ ይሮጣል፤ እያወራ ከሆነ ቃሉን ከመሐል ቆርጦ ይሮጣል። በየባሕሩ ዳርቻ ስሙን የማያውቁት ሁሉ "ያ ሸራ ያዡ" ይሉታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የእኛው ሰው ግን የሰውን ሁሉ ይይዛል፣ የሰውን ሁሉ ይለቃል፣ የራሱን ብቻ ከጋራዡ አያወጣም።

ነገሩ የተበላሸው በዚሁ ጋራዥ ነው። እህቴ በርናዲን፣ የሜርቪን ሚስት፣ ፀጉር ትሠራለች። የምትሠራው ደግሞ ኩሽናዋ ውስጥ ነው። ሴቶቹ በዕቃ ማጠቢያው ይታጠባሉ፣ በምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ይጠቀለላሉ፣ ከምድጃው አጠገብ ካስክ ውስጥ ይገባሉ። እነሱ ቤት ሾርባ ውስጥ ፀጉር ስታገኝ አትደነግጥም፤ የማን እንደሆነ ብቻ ትጠይቃለህ። ጋራዡን ስጠኝና ፀጉር ቤት ላድርገው ብትለው፣ "ዕቃዬ የት ይግባ?" አላት። የትኛው ዕቃ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! በዚህ ተጨቃጨቁ፣ ተኳረፉ፣ በመጨረሻ ተስማሙ። ስምምነቱ ይህ ነው፦ እስከዚያ ሳምንት እሑድ ፀሐይ ግባት ድረስ ሜርቪን ውኃ ላይ ቆሞ፣ ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር ሄዶ ከተመለሰ፣ ጋራዡ የሱ ነው፣ ዳግመኛ ስሙን አታነሣም። ካልሆነለት፣ ሰኞ ጠዋት ዕቃውን በገዛ እጁ ያወጣል፣ ለፀጉር ማጠቢያው ቧንቧም በገዛ እጁ ይቆፍራል። ምስክር እኔ ሆንኩ። የመረጡኝ ስለማላዳላ አይደለም፤ ፒካፑ የኔ ስለሆነ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በርናዲን ፔርሙሷንና ሜትሯን ይዛ ከመሐል ተቀመጠች።

"ሜትሩ ለምንድን ነው?" አላት ሜርቪን።

"ለምንም። ከመሳቢያ ወጥቶ አየር ያግኝ ብዬ ነው።"

ላንገባን ስንደርስ ውኃው ነጭ በነጭ ሆኖ፣ ሰማዩ በሸራ ተሞልቶ ጠበቀን። ከመኪና ስወርድ በሩን ነፋሱ ከእጄ ነጠቀኝ። አሽዊን የሚባል ቧንቧ ሠራተኛ አለ፣ ከወጣቶቹ ሁሉ ቀልጣፋው፤ እሱ ገና ከሩቅ ሲያየን እየዘለለ መጣ። ወጣቶቹ ሜርቪንን የሥጋ አጎታቸው ይመስል ኦም ይሉታል።

"ኦም ሜርቪን! ደረሱልን! ይምጡ፣ ይቺን ይያዙልኝ!"

ሜርቪን ያዘለት። ከአሽዊን ቀጥሎ ለመጣው ያዘ፣ ለሱ ጓደኛም ያዘ፣ ቋንቋው ያልገባን ጀርመናዊ ከውኃው ወጥቶ አናቱን ሲመታም ኩባያውን ጥሎ ሮጠ። በርናዲን በመስኮት አንገቷን አወጣች።

"አንተ ሰውዬ፣ ልብስህን አትለብስም እንዴ?"

"ቆይ እስቲ።"

ጣቱን አረሰ። ቀሰረ። ዓይኑን ጨፈነ።

"ይሄ ነፋስ አይደለም" አለ።

"ምንድን ነው ታዲያ? ኮፍያዬን እኮ ወሰደው!"

"ትንፋሽ ነው። ይቆራረጣል። እውነተኛው ነፋስ አሁን ያለው ኢላንድስ ቤይ ነው።"

"በምን አወቅህ?"

"በጉልበቴ። ግራውን ቆርጠም አድርጎኛል።"

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። "ራንዳል፣ ንዳ። ምስክር ነህ፣ ጉልበቱንም መዝግብልኝ።"

ነዳሁ። ሜርቪን መንገዱን ሙሉ ስለ ነፋስ አስተማረን፤ ከየት ተነሥቶ የትኛውን ኮረብታ ዞሮ በየትኛው ሸለቆ እንደሚገባ ነገረን። ሲያወራ ስትሰማው ነፋስ የታናሽ ወንድሙ ልጅ ነው የምትለው። ኢላንድስ ቤይ ስንደርስ ባሕሩ ዘይት እንደተቀባ ትሪ ተኝቷል። የባሕር አረም ይሸታል። ዝንብ አለ። ነፋስ ባለበት አገር ዝንብ አይኖርም፣ ይህን ለማወቅ ጉልበት አያስፈልግም። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ግልብጥ ጀልባ ላይ ተቀምጠው መረባቸውን ይሰፋሉ።

"ነፋስ ፈልጋችሁ ነው?" አሉን፣ መኪናው ላይ የታሰረውን ሳንቃ አይተው።

"አዎ፣ ኦም" አለ ሜርቪን።

"ኤዲያ! ትናንት ብትመጡ ኖሮ! የዶሮዎቼን ቤት ጣሪያ ነው ያነሣው!"

ይህችን ቃል በዚህ ጠረፍ ያልሰማሁበት መንደር የለም። ትናንት የሚባል አገር ቢኖርና መንገድ ቢወስደን ሜርቪን የዓለም ሻምፒዮን ነበር። እሱ ግን አላፈረም፤ እንዲያውም ደስ አለው። "አያችሁ? ቦታውን አልሳትኩም፣ ቀኑን ነው" አለን።

ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። አሽዊን ነው፤ ድምፁ ከሦስታችንም ጆሮ ይደርሳል።

"ኦም ሜርቪን፣ የት ገቡ? እዚህ እኮ ጉድ ሆኗል! እንዲህ ያለ ነፋስ ዓመቱን ሙሉ አላየንም! የሚይዝልን ሰው አጥተን እርስ በርሳችን እየተሻማን ነው!"

በርናዲን ከፔርሙሱ ሻይ ቀዳች። ለራሷ ብቻ። ተመልሰን ነዳን። ላንገባን ስንገባ ውኃው ጸጥ ብሏል፣ ሰዎቹ ጨው የደረቀበት ፊታቸው እያበራ ሸራቸውን ይጠቀልላሉ፣ ማን ስንት ክንድ እንደዘለለ ይከራከራሉ። ሜርቪን ወርዶ ጣቱን አረሰ፣ ቀሰረ።

"አላልኳችሁም?" አለ። "የማይታመን ነፋስ ነው ብዬ ነበር፣ ይኸው ቆመ።"

እህቴ ሜትሯን አወጣችና የመኪናዬን ዳሽቦርድ ከዳር እስከ ዳር ለካች። እጇን እያፍታታች ነበር መሰለኝ።

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ በርናዲን ያለዚያ አልነቃነቅም ብላለች። እኛ መንደር ግማሹ ሰው የሚኖረው በዓሣ ነው። ስለዚህ ፓስተራችን በየሳምንቱ የሚጸልዩት አንድ ጸሎት አለ፦ "ጌታ ሆይ፣ ነፋሱን ገሥጽ፣ ባሕሩን ጸጥ አድርግ።" ምእመኑም አሜን ይላል። ሜርቪን በዚህ ጸሎት ላይ ሁልጊዜ ሳል ይይዘዋል። በዚያ እሑድ የእህቴ አሜን ከመዘምራኑ ሁሉ በለጠ፤ ፓስተሩ ራሳቸው ቀና ብለው አዩአት። ሜርቪንን ስመለከተው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ባልና ሚስት በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አንዱን አምላክ በሁለት አቅጣጫ ሲጎትቱት አየሁ።

ከጸሎት በኋላ ወደ ፌልድሪፍ ወረድን፤ በርግ የሚባለው ወንዝ ባሕሩን ከመገናኘቱ በፊት ሰፋ ብሎ የሚተኛበት ቦታ ነው። የጓደኞቹ መኪናዎች ቀድመውናል። ውኃው አልተነቃነቀም። አንድ ዳር ላይ የሚደርቁት ዓሦች በክር ተሰክተው ዳስ ሙሉ ተሰቅለዋል፣ ማዶ ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ይተኛሉ፣ ከኋላችን የጨው ማድረቂያ ኩሬዎቹና የመብራት ሽቦው አለ። እሳት አነደድን፤ ዓሣ በኮክ ማርማላታ ቀብተን ጠበስን። ሜርቪን አልበላም። በርናዲን ሁለት ጊዜ በላች።

"ማጠቢያ ገንዳዎቹ በመስኮቱ በኩል ቢሆኑ ይሻላል አይደል፣ ራንዳል? ብርሃን ይገባል።"

"ይሻላል" አልኩ። የምግብ ሰዓት ነው፣ ምን ልበል?

ከቀትር በኋላ የፓስተሩ ጸሎት ወዴት እንደሄደ አላውቅም፤ ከደቡብ ነፋስ ተነሣ። መጀመሪያ አመዱን አነሣ፣ ቀጥሎ የተሰቀሉትን ዓሦች አንቀጫቀጨ፣ ከዚያ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ተሸበሸበ። ሰዎቹ እየጮኹ ተነሡ። ሜርቪንም ተነሣ፣ እንደ ልማዱ ለመያዝ። ለአሽዊን ያዘ፣ ለቀቀ። ለጀርመናዊው ያዘ፣ ለቀቀ። ሁሉንም አንድ በአንድ ሰማይ ላይ ሰቀላቸው፤ እነሱም ወንዙን ተከትለው ወደ ባሕሩ ወረዱና ከእጥፋቱ ወዲያ ተሰወሩ። ከባሕሩ የሚመለሱት ሲመሽ በሰው መኪና ነው። ዳር ላይ ሦስታችን ቀረን።

ሜርቪን ወንዙን አየ። ፀሐይዋን አየ። ጣቱን ወደ አፉ ሲያነሣ በርናዲን ቀደመችው።

"ያቺን ጣት ብታርሳት እቆርጣታለሁ።"

"ነፋሱ እኮ ከዛፎቹ ጋር ሲደርስ ጠመም ይላል።"

"አንተም ጠመም በል። ልብስህን ልበስ።"

የጎማ ልብሱ ሲገዛ ልክ ነበር። በመሐሉ ሜርቪን ብዙ ቅዳሜዎችን በመብላት ስላሳለፈ አሁን እህቴ ከፊት ሆዱን እየገፋች፣ እኔ ከኋላ ዚፑን እየጎተትኩ፣ ተባብረን ከተትነው። ፊቱ ቀላ። መተንፈስ እንዳቃተው ሊነግረን ፈልጎ ነበር፤ ለመናገር ግን መተንፈስ ያስፈልጋል። ሸራውን ዘርግተን የጠርዙን ቱቦ በፓምፕ ነፋን፣ ገመዱን ፈታን። ልይዝለት ስነሣ እህቴ እጄን ያዘችኝ።

"ቁጭ በል። እኔ እይዝለታለሁ።"

"አንቺ?" አልኳት።

"ይህን ሁሉ ዘመን ቤቴን የሞላውን ነገር በገዛ እጄ ልልቀቀው። አይገባኝም?"

ሜርቪን አያያዙን ነገራት። "አውራ ጣቴን ሳሳይሽ ትለቂዋለሽ። አትወርውሪው። ዝም ብለሽ ልቀቂው።"

"እሱንማ ለምጄዋለሁ፣ በየቅዳሜው ነው የምለቅህ" አለችው።

በገመዱ ርዝመት ተራርቀው ቆሙ። ሸራው በእጇ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ እህቴ ተረከዟን አሸዋ ውስጥ ተክላ ያዘችው። የሜርቪን አውራ ጣት አልወጣ አለ። ሰማዩን አየ፣ ዛፎቹን አየ፣ እኔን አየ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ሰውየው ነፋስ አይደለም የጎደለው። ፈርቷል። ያን ሁሉ ዘመን በየጠረፉ ስንከራተት የነዳነው የሜርቪንን ፍርሃት ነው። ነዳጁ ደግሞ የኔ።

"ጣትህ ታሟል እንዴ?" ብላ ጮኸች በርናዲን። "ሜርቪን! እኔ ነኝ እኮ የያዝኩልህ!"

አውራ ጣቱ ወጣ። ለቀቀችው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሳላሾፍ ልናገር። ሸራው ተነሣ፣ ሜርቪን ውኃው ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ሳንቃውን በእግሩ አጠለቀ፣ ከዚያ ቆመ። ሄደ። እንደ ጀማሪ አልተንገዳገደም፤ ወገቡን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አንድ እጁን ለቅቆ ውኃውን እየዳሰሰ ሄደ። ፔሊካኖቹ ከፊቱ ተነሡ። ማዶ ደረሰ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። ያ ማንም ያላየው የላንገባን ማለዳ ውሸት አልነበረም። ደስ አለኝ።

"አሸነፈ" አልኩ። "ምስክር ነኝ።"

"አየሁ" አለች እህቴ። እጇ ላይ ሸራው የፋቀውን ቦታ ታሻሻለች። ዓይኗን ከሱ ላይ አላነሣችም።

ደጋግሞ ተመላለሰ። ነፋሱ እየበረታ፣ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ሄደች። ሲበቃው ወደ እኛ መጣና ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆመ። ሸራው ከአናቱ በላይ ያጓራል። እየሳቀ፣ በአንድ እጁ ገመዶቹ የታሰሩበትን ዘንግ እንደያዘ፣ በሌላው አናቱን መታ መታ አደረገ።

ተነሣሁ።

"ቁጭ በል" አለችኝ።

"እህቴ፣ ሕግ ነው እኮ…"

"የማን ሕግ? እኔ የነሱ ማኅበር አባል ነኝ? ራንዳል፣ እዚያ ሸራ አጠገብ ብትደርስ ከእንግዲህ ምሳህን የምትበላው ሌላ ቤት ነው።"

ሕግ አከብራለሁ። እህቴ የምትሠራውን ምሳ ግን የበለጠ አከብራለሁ። ቁጭ አልኩ።

ሜርቪን እንደገና አናቱን መታ። የአደጋ ማስለቀቂያውን ስቦ ሸራውን ሊጥለው ይችል ነበር፤ ግን ነፋሱ ወደ ኋላችን ነው የሚነፍሰው፣ ወደ ኩሬዎቹና ወደ መብራት ሽቦው። እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

"በርናዲን! ያዥልኝ!"

"ምን አልከኝ?"

"አሸንፌያለሁ! ራንዳልን ጠይቂው!"

"አይቻለሁ! አሸንፈሃል! እዚያው ሆነህ አሸንፍ!"

ነፋሱ ከእግሩ አነሣው፣ ትንሽ አንጠልጥሎ ወደ ጎን አስቀመጠው። ሰው እንዲህ እየተንጠላጠለ ሲከራከር አይቼ አላውቅም፤ ቃሉን መሬት ላይ ይጀምርና አየር ላይ ይጨርሰዋል።

"ጋራዡን ውሰጂው!"

"ጋራዡንማ እወስደዋለሁ!"

"ቧንቧውንም… እቆፍራለሁ!"

"ትቆፍራለህ!"

"ታዲያ ሌላ ምን ቀረሽ?"

እህቴ ጫማዋን አወለቀችና ውኃው ዳር ድረስ ሄደች። አሁን አልጮኸችም፤ ነፋሱ ግን ቃሏን ወደ እኔ አመጣው።

"አሽዊን አናቱን ሲመታ ስትሮጥ አይቼሃለሁ። ትናንት ያ ስሙን የማታውቀው ጀርመናዊ ሲመታ ኩባያህን ጥለህ ሮጠሃል። እናታችን የሞተች ቅዳሜ ስደውልልህ የት ነበርክ? 'ሸራ ይዤ ነበር' ነው ያልከኝ። እሑድ ሲመሽ ነው የመጣኸው፣ ጆሮህ ውስጥ አሸዋ ይዘህ። እኔ ስንት ዘመን አናቴን ስመታ ኖርኩ፣ ሜርቪን። አንድ ቀን አየኸኝ?"

ያንን ቅዳሜ እኔም አስታውሰዋለሁ። ሬሳውን የገነዝነው እሷና እኔ ነን።

ሜርቪን መሳቁን ተወ። አፉን ከፈተ፤ እንግዲህ ነፋሱን ሊከስስ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ከየት እንደተነሣ፣ የትኛውን ኮረብታ እንደዞረ ሊነግራት ነው አልኩ።

"አላየሁሽም" አላት። "አላየሁም፣ በርናዲን።"

ጥፋቱን ነፋስ ላይ ሳያላክክ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው። እህቴ ቀሚሷን ሰብስባ ቀበቶዋ ውስጥ ሻጠችና ወደ ጎን ሮጠች፤ በየዳርቻው ተቀምጣ ስታይ ስለኖረች የቱ ጋ እንደሚቆም ማንም አላሳያትም። ሜርቪን ሸራውን ቀስ አድርጎ ወደ እሷ አወረደው። ያዘችው፣ ሸራውም መልሶ ያዛት፤ በጀርባዋ ጣላት፣ ላይዋ ላይ ተኛ። ከሥሩ ዳክራ ወጥታ ተቀመጠችበት።

"እንዲህ አይደለም የሚያዘው" አለ ሜርቪን፣ ካልጠፋ ጊዜ።

"ዝም በል። ይዤዋለሁ።"

ሰኞ ጠዋት ዕቃው ከጋራዡ ወጣ። እንደ ምስክርነቴ ጋራዡ የሱ ነበር፣ ይህን ለሁለቱም ነግሬአቸዋለሁ፤ ማንም አልሰማኝም። ሜርቪን ቧንቧውን ቆፈረ፣ ገንዳዎቹን በመስኮቱ በኩል ተከለ። ዛሬ ሴቶቹ ካስክ ውስጥ ገብተው፣ ቢጎዲናቸውን ጠቅልለው፣ እዚያ ይቀመጣሉ። ሳንቃው ለሻምፖ መደርደሪያ ሆኗል። ሸራው ጋራዡ ጣሪያ ሥር ታጥፎ ተሰቅሏል፤ አንዳንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ሻምፖውን ከሳንቃው ላይ አንሥተው፣ ሸራውንም አውርደው ሁለቱ ወደ ወንዙ ይሄዳሉ፣ እሷ እየያዘችለት፣ እየተሰዳደቡ።

ነቢይነቱንም አልተወም። ፀጉሯ የተተኮሰ ሴት ልትወጣ ስትል በር ላይ ይቆምና ጣቱን አርሶ ይቀስራል። "ዛሬ ነፋስ የለም፣ ሳትሸፈኚ ሂጂ" ይላታል። ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ያስራሉ።

ባለፈው ቅዳሜ እዚያ ነበርኩ። ቆርቆሮው በነፋስ ይንኳኳል። አሽዊን መኪናውን ከደጅ አቁሞ ጡሩምባውን ያስጮኻል፤ ሜርቪን ከቀረባቸው ወዲህ ሸራ የሚይዝላቸው አጥተው የአሽዊን ሸራ ተቀዷል አሉ። ሜርቪን ሻይ ኩባያውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፣ ፊቱ ወደ ባሕሩ ነው፣ ጣቱ እርጥብ ነው። እህቴ በግራ እጇ አረፋ የተሞላ ጭንቅላት ገንዳው ላይ ይዛለች፣ ፎጣው ሩቅ ነው። አልጠራችውም። ቀኝ እጇን አነሣችና አናቷን መታ መታ አደረገች።

ኩባያው ወለሉ ላይ ሲሰበር ሰማሁ።